አጥንት የሚገነባው መርፌና ሙከራውን ያስቆሙት አይጦች

ጊዜው ዲሴምበር 1998 ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ17 አገሮች የሚኖሩ 1,637 ሴቶች በየቀኑ ጭናቸውን ወይም ሆዳቸውን በቀጭን መርፌ ይወጋሉ። ሁሉም የወር አበባ ካቆመባቸው ዓመታት አልፈዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 70 ገደማ ነው። አጥንታቸው ሳስቷል፤ አከርካሪያቸው ላይም ስብራት ደርሶባቸው ያውቃል። ሲሶዎቹ የሚወጉት መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ነው። የቀሩት ደግሞ ቴሪፓራታይድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ይወስዳሉ። ሙከራው ሦስት ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነበር። በመሃል አምራቹ ኢላይ ሊሊ “ይቁም” አለ።

ከሴቶቹ መካከል የአጥንት ካንሰር የያዛት አንዲትም የለችም። ወሬው የመጣው ከአይጦች ነው። ኩባንያው ከሴቶቹ ሙከራ ጎን ለጎን አይጦችን ዕድሜ ልካቸውን ያህል በዚሁ መድኃኒት ሲወጋ ነበር። ብዙዎቹ ኦስቲዮሳርኮማ ያዛቸው። ኦስቲዮሳርኮማ ከራሱ ከአጥንት ሴሎች የሚነሳ ክፉ ካንሰር ነው። እንግዲህ አጥንት እንዲያድግ የሚያዝ መድኃኒት የአጥንት ካንሰር ሲያመጣ ካየህ፣ ነገሩን እንደ አጋጣሚ አታልፈውም።

ጉዳዩ እልባት ያገኘው ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ሙከራውን ማቆም ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ግን ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ ኖረ። የዘገየበት ምክንያት ቸልተኝነት አልነበረም፤ ጥያቄው ራሱ በቶሎ የሚመለስ ዓይነት አልነበረም።

አጥንት አፍራሽ ሆርሞን

መጀመሪያ ቴሪፓራታይድ ከየት እንደመጣ እንይ። አንገታችን ውስጥ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ የምስር ፍሬ የሚያክሉ አራት ዕጢዎች አሉ። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን መጠበቅ ነው። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ይረጫሉ፤ ሆርሞኑም ከአጥንት ካልሲየም አውጥቶ ደም ውስጥ ይጨምራል። ልብና ነርቭ ያለ ካልሲየም አይሠሩም። ስለዚህ ሰውነት ሲቸግረው አጥንቱን ቆርሶ ይከፍላል።

ይህ ሆርሞን ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ያሳየው ቻርልስ ማርቴል የሚባል አሜሪካዊ የመርከብ ካፒቴን ነው። በ1920ዎቹ አጥንቱ በየጊዜው ይሰበር ነበር። ቁመቱ 18 ሴንቲሜትር ያህል አጠረ። በ1926 ሐኪሞች የፓራታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ነው አሉ። ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል አንገቱን ደጋግመው ከፍተው ፈለጉ፤ አጡት። ካፒቴኑ ራሱ የሕክምና መጻሕፍት አገላብጦ “ደረቴ ውስጥ ፈልጉ” ብሎ ተከራከረ ይባላል። በ1932፣ በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና፣ እጢው እውነትም ደረቱ ውስጥ ተገኘ። የሚያሳዝነው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከኩላሊት ጠጠር ጋር በተያያዘ ችግር ሞተ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ይህንኑ ሆርሞን አጥንቱ ለሳሳ ሰው እንስጠው ብሎ አያስብም። ግን በዚያው ሆስፒታልና በዚያው ዘመን አንድ እንግዳ ነገር ታይቶ ነበር። የካናዳው ጄምስ ኮሊፕ በ1925 ከፓራታይሮይድ ዕጢ የሚሠራ ጠንካራ ጭማቂ አውጥቶ ነበር። (ኮሊፕ ከዚያ በፊት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን ያጣራው ሰው ነው።) በ1929 ባወር፣ ኦብ እና ኦልብራይት ጭማቂውን ለእንስሳት ሲሰጡ በአንዳንዶቹ ላይ ስፖንጅ የሚመስለው የውስጠኛው አጥንት ጨመረ። በ1932 ደግሞ ሞንትሪያል የነበረው ሃንስ ሴልየ በአይጦች ላይ ትንሽ መጠን ደጋግሞ ሲሰጥ አጥንት ገንቢ ሴሎች ሲበራከቱ አየ።

ከዚያ ነገሩ ለ40 ዓመት ያህል ተረሳ። ጭማቂው ንጹሕ አልነበረም። የአጥንት መሳሳትም ቢሆን ያኔ እንደ በሽታ የሚቆጥረው ብዙ ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድስ? ዛሬም እኮ እማማ ሲጎብጡ “እርጅና ነው” ተብሎ ይታለፋል። ከጉብጠቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት የተጨፈለቀ የአከርካሪ አጥንት አለ። እንዲህ ያለው ስብራት ሳይወድቁም ይደርሳል፤ ጀሪካን ለማንሳት ጎንበስ ማለት ይበቃዋል።

የተረሳውን ነገር ያነቃው ኬሚስትሪ ነው። ሆርሞኑ የ84 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት መሆኑ ታወቀ። አጥንት ላይ የሚሠራው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 34ቱ ናቸው። የቀረው ጅራት ባይኖርም ሥራው ይሠራል። አሚኖ አሲዶች ተሰካክተው ሰንሰለት ሲሠሩ፣ ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ ፔፕታይድ ይባላል። በ1971 ጆን ፖትስና ባልደረቦቹ ይህን የ34 ፔፕታይድ በላቦራቶሪ ሠሩት። በ1980 ደግሞ ጆናታን ሪቭና ጓዶቹ አጥንታቸው የሳሳ 21 ሰዎችን ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት በየቀኑ ወጉ። ከዳሌ አጥንታቸው ናሙና ተቆርጦ ሲታይ የስፖንጁ አጥንት መጠን በአማካይ 70 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ቡድንም የለም። ቢሆንም በዚያን ጊዜ አጥንትን መልሶ የሚገነባ መድኃኒት በእጅ አልነበረም።

ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው

አንድ ሆርሞን እንዴት አጥንት ያፈርሳል፣ ደግሞስ እንዴት ይገነባል? መልሱ ከመጠኑ ይልቅ በቆይታው ላይ ነው።

አጥንታችን ሁልጊዜ እየፈረሰ እየተሠራ ነው። አፍራሽ ሴሎች አሮጌውን ይበላሉ፤ ገንቢ ሴሎች አዲስ ይሞላሉ። ካፒቴኑ ላይ እንደሆነው ሆርሞኑ ቀንና ሌት ከፍ ብሎ ከቆየ ገንቢዎቹ ራሳቸው አፍራሾቹን የሚጠራ ምልክት ይልካሉ። ማፍረሱ ግንባታውን ይቀድማል። በቀን አንዴ ተወግቶ ቶሎ ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 20 ማይክሮግራም ቴሪፓራታይድ ከቆዳ ሥር ሲገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ጠፍቷል። ያቺ አጭር ግፊት አጥንት ላይ ተኝተው የነበሩትን ሴሎች ትቀሰቅሳለች። የገንቢዎቹን ዕድሜ ታራዝማለች። ግንባታን የሚገታውን ስክሌሮስቲን የተባለ ፕሮቲንም ትቀንሳለች። አፍራሾቹ እስኪሰባሰቡ ድረስ ሆርሞኑ ሄዷል።

ውሎ አድሮ አፍራሾቹም ይነቃሉ። በደም ውስጥ የአጥንት ግንባታ ምልክቶች በመጀመሪያው ወር ይጨምራሉ፤ የማፍረሱ ምልክቶች ወራት ዘግይተው ይከተላሉ። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

በየቀኑ መወጋት ለምን አስፈለገ? ክኒን ቢሆን አይቀልም ነበር? ይቀል ነበር። ግን ፔፕታይድ ከተዋጠ ጨጓራ እንደማንኛውም ሥጋ ፈጭቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እንደ ኢንሱሊን ብዕር ባለ መርፌ ይወሰዳል። አንዱ ብዕር ለ28 ቀን ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ሊሊ ለዚህ አዲስ አልነበረም። በ1982 በባክቴሪያ የተመረተውን የመጀመሪያውን የሰው ኢንሱሊን ገበያ ላይ ያወጣው እሱ ነው። ቴሪፓራታይድንም የሚያመርተው በዚያው መንገድ፣ ባክቴሪያ ውስጥ ነው።

የተቋረጠው ሙከራ ምን አሳየ?

ሙከራው ቢቆምም እስከዚያ ድረስ የተሰበሰበው መረጃ አልተጣለም። ሴቶቹ በአማካይ አንድ ዓመት ተኩል ተወግተዋል። ራጅ ተነሱ፤ ተቆጠረ። ውጤቱ በሜይ 2001 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ወጣ። መሪ ጸሐፊው የማሳቹሴትስ ጄኔራሉ ሮበርት ኒር ነበር። አዎ፣ ካፒቴኑ የታከመበት ሆስፒታል።

ባዶውን ፈሳሽ ከተወጉትና ራጃቸው ከተነበበ 448 ሴቶች 64ቱ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ደርሶባቸዋል፤ 14 በመቶ ማለት ነው። 20 ማይክሮግራም ከወሰዱት 444 ውስጥ 22 ብቻ፤ 5 በመቶ። 40 ማይክሮግራም ከወሰዱት 434 ውስጥ ደግሞ 19፤ 4 በመቶ። ሁሉም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይወስዱ ስለነበር ልዩነቱ የመርፌው ነው። ከአከርካሪ ውጭ በቀላል አደጋ የሚመጣው ስብራትም ከ6 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርዷል።

40ው ከ20ው ብዙም አልበለጠም። ማቅለሽለሽና ራስ ምታቱን ግን ጨመረ። ስለዚህ 20ው ተመረጠ።

ሙከራው በመቋረጡ የጠፋ ነገርም አለ። በእርጅና በጣም የሚፈራው የዳሌ ስብራት ነው። ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀረው እሱ ነው። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ዳሌያቸው የተሰበረው ሴቶች በጣም ጥቂት ስለነበሩ መድኃኒቱ ዳሌን በእርግጥ ይጠብቃል አይጠብቅም ማለት አልተቻለም። ሦስት ዓመቱ ቢሞላ ኖሮ ምናልባት ይታወቅ ነበር። አይጦቹ ያስከፈሉት አንዱ ዋጋ ይህ ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ሲወራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አይጦቹን በቅርብ ስናያቸው

ፊሸር 344 የሚባል የላቦራቶሪ ዝርያ ናቸው። መወጋት የጀመሩት ገና ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ነው። በየቀኑ፣ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ተወጉ። መጠኑ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነበር፤ በደማቸው ውስጥ የነበረው መድኃኒት ሰው ከሚያገኘው ከ3 እጥፍ እስከ 60 እጥፍ ይደርሳል። ካንሰሩ በሦስቱም ደረጃ ታየ። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ያዛቸው። መጠኑ ሲጨምር ካንሰሩም ይጨምራል። ይህ ለመርማሪ የሚያስፈራ ምልክት ነው። መድኃኒቱ በእርግጥ ምክንያት መሆኑን ይናገራል።

ግን አንድ በአንድ እንየው። አይጥ ሁለት ዓመት ማለት ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል። ለ70 ዓመት ሴት ሁለት ዓመት ከዕድሜዋ ትንሹ ክፍል ነው። የአይጥ አጥንት እንደ ሰው አጥንት በጉርምስና ተዘግቶ አያቆምም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። አይጦቹ ላይ የታየው የአጥንት ጭማሪም ከሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የመቅኒው ቦታ ሁሉ በአጥንት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ጥያቄው “ቴሪፓራታይድ ካንሰር ያመጣል ወይ?” ከሚለው ይልቅ “በዚህ መጠን፣ ለዚህ ጊዜ፣ በዚህ ዕድሜ ያመጣል ወይ?” የሚለው ነው።

ኩባንያው ሌላ የአይጥ ጥናት አደረገ። አይጦቹ ስድስት ወር ሞልቷቸው ከጎለመሱ በኋላ፣ በዝቅተኛው መጠን ሲጀምሩ የአጥንት ካንሰር አልታየም። ጦጣዎችም ለ18 ወር ተወግተው ለሦስት ዓመት ተጠበቁ። እነሱም ላይ የአጥንት ካንሰር አልታየም። ይህ ያጽናናል። ነገሩን ግን አይዘጋም። የሰው ጥያቄ በመጨረሻ በሰው ነው የሚመለሰው።

ጥቁሩ ሣጥን

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በኖቬምበር 26 ቀን 2002 መድኃኒቱን ፈቀደ። የገበያ ስሙ ፎርቴዮ ሆነ። አብሮት ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው በመግለጫው አናት ላይ በጥቁር መስመር የተከበበ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አይጦች ላይ ኦስቲዮሳርኮማ ታይቷል ይላል። ኤፍዲኤ በመድኃኒት መግለጫ ላይ የሚያኖረው ከባዱ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። ሁለተኛው ገደብ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ እንዲወሰድ አይመከርም።

ሁለት ዓመት ከየት መጣ? በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አንድ አደጋ ስለታየ አይደለም። ሰዎች ላይ ከዚያ በላይ የተሞከረ ስላልነበረ ነው። ሙከራው ያቆመበት ቦታ ሳይታሰብ የመድኃኒቱ ድንበር ሆነ። ታካሚው ግን ይህን አያውቅም። “ሁለት ዓመት ካለፈ ካንሰር ይሆናል” ብሎ ይረዳዋል። ማን ይፈርድበታል?

ጥቁር ሣጥን ሐኪም ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ሴት ለእናቷ የታዘዘውን መርፌ ይዛ ቤት ትገባለች። ወረቀቱን ትዘረጋለች። ከአንዱ ገጽ ላይ ካንሰር የሚለው ቃል ዓይኗ ውስጥ ይገባል። እናት ደግሞ ካልተሰበሩ በስተቀር የሚታይ ሕመም የለባቸውም። ብዕሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። የስብራት አደጋ ዝም ያለ ስለሆነ ማስጠንቀቂያ አይለጠፍበትም፤ ወረቀቱ ላይ ድምፅ ያለው ካንሰሩ ብቻ ነው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ አለመመጣጠን ይህ ነው።

ከካንሰሩ ተነስቶ ወደ ኋላ መፈለግ

ነገሩን ሌላ ሙከራ አድርጎ መፍታት ለምን አልተቻለም? ስሌቱን እንሥራው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆኑ ሰዎች ኦስቲዮሳርኮማ የሚይዘው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ሁለት ተኩል ያህሉን ነው። እንግዲህ 1,637 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተኩል ብትከታተሉ፣ መድኃኒቱ ንጹሕ ቢሆን፣ አንድ ታማሚ የማየት ዕድላችሁ ከመቶ አንድ አይሞላም። መድኃኒቱ ለሁሉም ተሰጥቶ አደጋውን አሥር እጥፍ ቢያሳድገው እንኳ ዕድላችሁ ከመቶ ስድስት ገደማ ነው። ስለዚህ በሙከራው ካንሰር አለመታየቱ ምንም አይነግረንም። ይህ በደንብ ሊሰመርበት ይገባል፤ “በሙከራው አንድም ሰው አልታመመም” የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የተመረጠው መንገድ የተገለበጠ ነበር። ከመድኃኒቱ ወደ ካንሰር ከመሄድ ከካንሰሩ ወደ መድኃኒቱ መሄድ። አሜሪካ ውስጥ ግዛቶች የካንሰር መዝገብ አላቸው። ከ2003 ጀምሮ አጥኚዎቹ ከ40 ዓመት በላይ ሆነው ኦስቲዮሳርኮማ የተገኘባቸውን ሰዎች ከመዝገቦቹ እያወጡ መጠየቅ ጀመሩ። ሕመሙ ከመታወቁ በፊት ፎርቴዮ ተወግተህ ታውቃለህ? ታማሚው ከሞተ ቤተሰቡ ይጠየቃል። በሽታው ጨካኝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መልስ ሰጪው ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ዜና አይሆንም። ግን ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለው እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብቻ ነበር።

ጥናቱ 15 ዓመት ወሰደ። መጨረሻ ላይ 1,173 ቃለ መጠይቆች ተሰበሰቡ። መድኃኒቱን ቀድመው የወሰዱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ምንም ባያደርግ ኖሮ በመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች ቁጥር መሠረት ይጠበቅ የነበረው አራት ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ስሌት 4.17። ሦስት ከአራት ያንሳል። ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ “መድኃኒቱ ከካንሰር ይጠብቃል” ማለት ሞኝነት ነው። የስሌቱ የላይኛው ጠርዝ ግን፣ ማለትም አደጋው ቢበዛ ሊደርስ የሚችልበት፣ ከሚጠበቀው 1.86 እጥፍ ነው። አይጦቹ ላይ የታየው ዓይነት ጎርፍ በሰው ላይ ቢኖር ኖሮ እዚህ መደበቅ አይችልም ነበር።

ጎን ለጎን ሌላ መንገድም ተሞክሯል። መድኃኒቱን የሚወስዱ ከ75,000 በላይ ፈቃደኞች ተመዝግበው ስማቸው ከካንሰር መዝገቦች ጋር ተነጻጸረ። አንድም ኦስቲዮሳርኮማ አልተገኘም። መልካም ነው። ግን በሽታው እጅግ ብርቅ ስለሆነ በዚህ ቁጥር ዜሮ ማግኘት ብዙም አያስደንቅም። ሚዛኑን የደፋው የመጀመሪያው ጥናት ነው እላለሁ።

2020 እና ከዚያ ወዲህ

በኖቬምበር 2020 ኤፍዲኤ ጥቁሩን ሣጥን አነሳ። የሁለት ዓመቱ ገደብም ላላ። ሴትየዋ አሁንም ከፍ ያለ የስብራት አደጋ ላይ ከሆነች፣ ወይም ወደዚያ አደጋ ከተመለሰች፣ ሐኪሟ ከሁለት ዓመት በላይ ሊያስብበት ይችላል። አንዳንድ ሰዎች ግን ዛሬም አይሰጣቸውም። አጥንታቸው ገና እያደገ ያለ ልጆች፣ ፔጀት የሚባል የአጥንት በሽታ ያለባቸው፣ አጥንታቸውን የነካ የጨረር ሕክምና የወሰዱ፣ ካንሰር ወደ አጥንታቸው የተዛመተ ወይም ለዚህ ካንሰር የሚያጋልጥ የዘር ችግር ያለባቸው። የአይጦቹ ትምህርት ሙሉ በሙሉ አልተጣለም ማለት ነው፤ ወደሚመለከታቸው ሰዎች ጠበበ።

አባሎፓራታይድ የሚባል ታናሽ ወንድምም አለው። እሱም 34 አሚኖ አሲድ ነው፤ የተቀዳው ግን ከዚሁ ሆርሞን ዘመድ ከሆነ ሌላ ፕሮቲን ነው። በ2,463 ሴቶች ላይ ለ18 ወር ተሞክሮ አዲስ የአከርካሪ ስብራት በ0.58 በመቶዎቹ ብቻ ታየ። ባዶውን ፈሳሽ በተወጉት 4.22፣ ቴሪፓራታይድ በወሰዱት 0.84 በመቶ ነበር። ኤፍዲኤ በ2017 ሲፈቅደው ያንኑ ጥቁር ሣጥን ለጠፈበት፤ አይጦቹ እሱም ላይ ታመው ነበርና። ሣጥኑ በ2021 ተነሳ። አውሮፓ ደግሞ በ2018 አልቀበልም ብላ በ2022 ፈቀደችው።

ቴሪፓራታይድ ከተለመዱት ክኒኖች ጋር ሲፎካከር ምን ይመስላል? በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ 1,360 ከባድ የአጥንት መሳሳት ያለባቸውን ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቴሪፓራታይድ፣ ግማሾቹ ራይዝድሮኔት ወሰዱ። ራይዝድሮኔት ማፍረሱን የሚገታ ክኒን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ የአከርካሪ ስብራት በመርፌው ቡድን 5.4 በመቶ፣ በክኒኑ ቡድን 12 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም አይወጋም? ዋጋው ነው። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ፎርቴዮ አሜሪካ ውስጥ በወር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲጠየቅበት ኖሯል። አሁን ተመሳሳዮቹ ገበያ እየገቡ ነው። አገር ቤት ደግሞ ከዋጋው በፊት ሌላ ግድግዳ አለ። የአጥንት ጥግግት የሚለካበት መሣሪያ እንደ ልብ አይገኝም፤ መሳሳቱ የሚታወቀው ከተሰበረ በኋላ ነው። ያኔም ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው።

ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ “ፔፕታይድ” ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጥ ዱቄት ሞልቷል። አጥንት ይጠግናል፣ ጅማት ይቀጥላል ይባልለታል። ቢፒሲ-157 አንዱ ነው፤ ኤፍዲኤ ለምንም ሕክምና አልፈቀደውም። ቴሪፓራታይድ ፔፕታይድ መሆኑን ሰምቶ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። የአንዱ ካንሰር አምጪነት ለ15 ዓመት መዝገብ ለመዝገብ ተፈልጓል። የሌላውን ማንም አልቆጠረም።

ብዕሩን ጨርሶ ለሚያቆም ሰው የቀረ ሥራ አለ። ቴሪፓራታይድ የሠራው አዲስ አጥንት ያለ ጠባቂ አይቆይም። መርፌው ቆሞ ሌላ ካልተተካ፣ የተገኘው ጥግግት በአንድ ዓመት ውስጥ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ወዲያው ማፍረሱን የሚገታ መድኃኒት ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ ያው ርካሹ ክኒን ነው። ብዙ ሰው “ኮርሱን ጨርሻለሁ” ብሎ ወደ ሐኪም የማይመለሰው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ብዕር ሲቀበሉ ከመርፌው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛ ዙርስ? እሱ የሚወሰነው በምትኖርበት አገር ነው። በአውሮፓ መግለጫ ላይ የ24 ወሩ ገደብ አለ፤ በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አይደገምም ይላል። በ72 ዓመቷ መርፌውን ጨርሳ በ80 ዓመቷ እንደገና የተሰበረች ሴት ፓሪስ ከሆነች በመግለጫው መሠረት መልሳ አትወስደውም። ቦስተን ከሆነች ልትወስደው ትችላለች።